በግንባር ላይ የሚወርደው የዘይት ምንጭ
እንቅልፍ ላጣ ሰው በሕንድ አገር ስለሚደረግ ሕክምና

እንቅልፍ ለሰው ልጅ ከእህልና ከውሃ የማያንስ ምግብ ነው። እህል ያጣ ሰው ጎረቤቱን ይለምናል፤ ውሃ የጠማው ሰው ምንጭ ይፈልጋል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን የሚበደርበት ደጅ የለውም። ባለጸጋው በምቹ ፍራሽ ላይ፣ ድኻውም በመደቡ ላይ ሆነው፣ ሁለቱም እኩል ጣራ ጣራውን ሲያዩ ያድራሉ። ይልቁንም የብዙ ሰው ጉዳይ በእጁ ያለ፣ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሲመረምርና ሲፈርም የሚውል ሰው፣ ሥራውን በመሥሪያ ቤቱ ትቶት የመጣ ቢመስለውም፣ ማታ ከትራሱ ሥር ተኝቶ ያገኘዋል። እርሱ ሲገላበጥ ባለቤቱም አብራው ትነቃለች፤ በማግሥቱም የሌሊቱ ድካም ቁጣ ሆኖ በልጆቹ ላይ ይወርዳል። እንግዲህ የአባወራው እንቅልፍ ማጣት የእርሱ ሕመም ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡ ሁሉ ሕመም መሆኑን ማንም አይስተውም።

ለዚህ ሕመም ልዩ ልዩ ሕዝብ በየአገሩ መድኃኒት ሲፈልግ ኖሯል። ከተገኙትም መካከል አንዱ፣ በደቡብ ሕንድ በኬራላ አገር በእጅጉ የሚሠራበት፣ ለብ ያለ ዘይት በሕመምተኛው ግንባር ላይ እንደ ቀጭን ምንጭ ሳያቋርጡ የማውረድ ሕክምና ነው። የዚህ ሕክምና ዝና ከአገሩ ወጥቶ በብዙ ከተሞች ስለ ተሰማ፣ ስሙን ብቻ ይዘው ሥራውን ሳይማሩ የሚሞክሩት ሰዎች በዝተዋል። ነገሩ ግን ለዓይን ቀላል መስሎ ለእጅ ከባድ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ሕክምና ከየት እንደ መጣ፣ እንዴት እንደሚደረግ፣ ለማን እንደሚጠቅምና ለማን እንደማይገባ በሚገባ ለመግለጽ አስበናል።

ስለ ስሙና ስለ ትውልዱ

ሕክምናው «ሺሮዳራ» ይባላል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስም ሲሰሙ የእኛ ሽሮ ወጥ ትዝ እንዳይልዎ! በሳንስክሪት ቋንቋ «ሺሮ» ማለት ራስ ማለት ነው፤ «ዳራ» ማለትም ሳይቋረጥ የሚወርድ ፈሳሽ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ሲገናኙ «በራስ ላይ የሚወርድ ምንጭ» እንደ ማለት ይሆናሉ። በዚህ ስም ውስጥ «ሳይቋረጥ» የሚለውን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑረው፤ የሕክምናው ምሥጢር ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ መሆኑን ወደ ፊት እናያለንና።

ሕክምናው የተወለደው «አዩርቬዳ» ከሚባለው ጥንታዊ የሕንድ ጥበብ ነው፤ ትርጓሜውም «የሕይወት ዕውቀት» ማለት ነው። የዚህ ጥበብ ዋና ዋና መጻሕፍት በቻራካ፣ በሱሽሩታና በቫግባታ ስም የሚጠሩት ናቸው። ቫግባታ በመጽሐፉ ራስን በዘይት የማከምን ነገር በአራት ደረጃ ከፍሎ አስቀምጦታል። ፊተኛው ራስን በዘይት ማሸት ነው፤ ሁለተኛው ዘይትን በራስ ላይ ማፍሰስ ነው፤ ሦስተኛው በዘይት የተነከረ ጥጥ በአናት ላይ ማኖር ነው፤ አራተኛው ከቆዳ እንደ ቆብ የተሠራ ነገር በራስ ዙሪያ አስሮ ዘይቱን በውስጡ ማቆየት ነው። ከነዚህም እያንዳንዱ ከፊተኛው ይልቅ የሚበረታ መሆኑን ያስተምራል። ሺሮዳራ በሁለተኛው ደረጃ ይመደባል።

ይህን ሥራ አጣርቶና አስፋፍቶ የራሱ ያደረገው ግን የኬራላ ሕዝብ ነው። ኬራላ በምዕራብ በኩል የዓረብን ባሕር፣ በምሥራቅ በኩል የምዕራብ ጋት ተራሮችን ተጎራብቶ የሚኖር፣ ኮኮነትና ቁንዶ በርበሬ የሚያበቅል፣ ዝናብ የማይነሣው ለምለም አገር ነው። በዚያም «አሽታ ቫይድያ» የሚባሉ የሐኪም ቤተ ሰቦች ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፉ ጠብቀውት ኖሩ። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1902 ዓመተ ምሕረት ደግሞ ሐኪሙ ቫርየር በኮታካል ከተማ «አርያ ቫይድያ ሳላ» የተባለውን የመድኃኒት ቤት አቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ ቀድሞ በየሐኪሙ ጓዳ ይቀመም የነበረው ዘይትና መድኃኒት በብዛት እየተዘጋጀ ለሩቅም ለቅርብም ይዳረስ ጀመር። በአሁኑ ጊዜ በሕንድ የአዩርቬዳ ሐኪም ለመባል አምስት ዓመት ተኩል መማርና መለማመድ ያስፈልጋል። ይህን የምንናገረው፣ አንድ ማሰሮና አንድ ብርሌ ዘይት የያዘ ሁሉ ሐኪም አለመሆኑን ለማስታወስ ነው።

ዘይቱ ለምን ተመረጠ?

የአዩርቬዳ ሊቃውንት በሰው አካል ውስጥ ሦስት ኃይላት አሉ ይላሉ፤ በስማቸውም ቫታ፣ ፒታና ካፋ ይባላሉ። በእኛ አነጋገር ነፋስ፣ ሐሞትና አክታ ብንላቸው ወደ አሳቡ እንቀርባለን። ነፋሱ የሚያንቀሳቅስ ነው፤ ትንፋሽም፣ እርምጃም፣ አሳብም በእርሱ ይመራል። ይህ ኃይል ከልክ ሲያልፍ አሳብ ማረፊያ አጥቶ እንደ ገለባ ይበተናል፤ እንቅልፍም ይሸሻል ይላሉ። ነፋስ ቀላል፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ስለ ሆነ፣ መድኃኒቱ ከባድ፣ ለስላሳና ሙቅ የሆነ ነገር መሆን አለበት ብለው ዘይትን መረጡ። ይህ የጥንት ሰዎች አስተያየት ነው፤ የዛሬ የሕክምና ትምህርት አካልን በዚህ መንገድ አይከፋፍልም። ነገር ግን ሥራው ለምን እንዲህ እንደ ተደነገገ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሠሪዎቹን አሳብ ማወቅ ይገባዋል።

ከዘይትም ሁሉ የሰሊጥ ዘይት ይበልጣል ይላሉ። በሳንስክሪት ሰሊጥ «ቲላ» ይባላል፤ ዘይት ሁሉ «ታይላ» የሚባለውም ከዚሁ ከሰሊጥ ስም ተወስዶ ነው። እንግዲህ ለነርሱ ዘይት ማለት ከመነሻው የሰሊጥ ልጅ ማለት ነው። ሰሊጥ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የሑመራን ሰሊጥ የማያውቅ ነጋዴ የለም።

ሐኪሙ እንደ ሕመሙ ጠባይ ፈሳሹን ይለውጣል። «ክሺራባላ» የሚባለው ዘይት፣ ባላ የተባለው ተክል ከወተትና ከሰሊጥ ዘይት ጋራ ለረጅም ጊዜ በእሳት ላይ ተቀቅሎ የሚወጣ ነው፤ ነፋስ አስቸገረው ለሚሉት ሰው ይህን ያዝዛሉ። ሙቀት ለበዛበት ሰው ደግሞ በዘይት ፈንታ ወተት ያወርዳሉ። በመድኃኒት የተዘጋጀ አሬራ የሚወርድበትም ጊዜ አለ፤ ይኸኛው «ታክራዳራ» ይባላል፤ አምላ የሚባለው ፍሬ ይገባበታል፤ ለራስ ቆዳ ሕመምም ይታዘዛል። ስለዚህ አንዱን የጠቀመ ፈሳሽ ሌላውን ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይቻልም።

ስለ ዕቃው

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ እያንዳንዱ ግን በልክ የተሠራ መሆን አለበት። መጀመሪያ ሕመምተኛው የሚተኛበት አልጋ ያስፈልጋል። በኬራላ ይህ አልጋ «ድሮኒ» ይባላል፤ እንደ ኒም ያለ ጠንካራ ዛፍ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይሠራል። ዙሪያውን ዝቅተኛ ከንፈር አለው፤ ከራስጌውም የፈሰሰው ዘይት ተጠራቅሞ የሚወርድበት መውጫ ተበጅቶለታል። ስለዚህ ዘይቱ መሬት ላይ አይፈስም፤ ተመልሶ ወደ ማሞቂያው ይሄዳል።

ሁለተኛው አፉ ሰፋ ያለ፣ ሁለት ሊትር ያህል የሚይዝ የሸክላ ወይም የናስ ማሰሮ ነው። ከታች በመካከሉ ትንሽ ጣት የምታህል ቀዳዳ አለው። በቀዳዳው ላይ ግማሽ የኮኮነት ቅርፊት ይደፋል፤ ቅርፊቱም ራሱ ተበስቷል። በሁለቱም ቀዳዳ የጥጥ ፈትል ገብቶ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ዘይቱ በዚህ ፈትል ላይ ሲወርድ አይዘረገፍም፣ አይንጠባጠብምም፤ እንደ አንድ ክር ሆኖ ይወርዳል። የኬራላ ሊቃውንት ያለ ብረት መሣሪያ፣ በአንድ ቅርፊትና በአንድ ፈትል ፈሳሽን በልክ ማስተዳደራቸው የሚደነቅ ነው።

ሦስተኛው የማሞቂያው ነገር ነው። ዘይት በቀጥታ በእሳት ላይ መጣድ የለበትም፤ ዘይት ሙቀቱን ሳያሳይ የሚያቃጥል ነውና። የዘይቱ ዕቃ በሞቀ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ በቀስታ ይሞቃል። ልኩም ከሰው አካል ሙቀት ጋራ የሚተካከል ወይም ከእርሱ ጥቂት ከፍ ያለ፣ ማለት ከ37 እስከ 40 ዲግሪ ያህል ነው። የሙቀት መለኪያ ያለው በመለኪያው ይመልከት፤ አሠሪው ግን ሁልጊዜ በእጁ አንጓ የውስጥ ቆዳ ላይ ጥቂት ጠብ አድርጎ ሳይፈትን ወደ ሕመምተኛው ግንባር ማቅረብ አይገባውም።

ስለ አሠራሩ

ሕክምናው በጧት እንዲሆን ይመረጣል፤ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ። ሕመምተኛው ከባድ ምግብ በልቶ አይቀርብም፤ ባዶ ሆዱንም ደክሞ እንዳይቸገር ቀለል ያለ ነገር ይቀምሳል። ክፍሉ ነፋስ የማይገባበት፣ ብርሃኑ የለዘበ፣ ድምፅ የሌለበት ሊሆን ይገባል። አስቀድሞ ራሱና ገላው በዘይት በቀስታ ይታሻል። ከዚያም በጀርባው ይተኛል፤ አንገቱ እንዳይንጠለጠል በስተኋላው ትንሽ መደገፊያ ይደረግለታል።

ከዚህ በኋላ ከቅንድቡ በላይ ግንባሩን በተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅ ያስሩለታል፤ ይህም ዘይቱ ወደ ዓይን እንዳይወርድ እንደ ግድብ ሆኖ ያገለግላል። በጆሮውም ጥጥ ያደርጉለታል። ዓይኑን እንዲጨፍን ይነግሩታል። ማሰሮው ከላይ ተንጠልጥሎ የፈትሉ ጫፍ ከግንባሩ አራት ጣት ያህል ብቻ ከፍ እንዲል ይደረጋል። ይህ ልክ ያለ ምክንያት አልተደነገገም፤ ከዚህ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ዘይቱ ይመታል እንጂ አይዳብስም፤ ከዚህ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ፈትሉ ቆዳን እየነካ ያስቸግራል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዎች ሥራውን ይካፈላሉ። አንደኛው ማሰሮውን ይዞ ምንጩን ከግንባሩ አንድ ወገን ወደ ሌላው ወገን በቀስታ ያመላልሰዋል። ሁለተኛው ከአልጋው ራስጌ የሚወርደውን ዘይት እየተቀበለ፣ ሙቀቱን እየፈተነ፣ መልሶ ይሞላል። ማሰሮው ባዶ እስኪሆን መጠበቅ ነውር ነው፤ ምንጩ ተቋርጦ እንደ ገና ሲጀምር ሊተኛ የቀረበው ሰው ደንግጦ ይነቃልና። የሚሞላውም ዘይት በማሰሮው ካለው ይልቅ የቀዘቀዘ ወይም የሞቀ እንዳይሆን ይጠነቀቃል። ይህ ሁሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል፤ የመጀመሪያው ቀን ከሁሉ ያጠረ ቢሆን ይሻላል።

ይህን ሥራ ቆሞ የተመለከተ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። ፊተኛው፣ ማንም አይነጋገርም። ሁለተኛው፣ የሠራተኞቹ ዓይን ከሕመምተኛው ፊት ላይ አይነሣም። ቅንድቡ ቢጨማደድ ዘይቱ ሞቆበት ይሆን ይላሉ፤ ትከሻው ቢሸማቀቅ በርዶት ይሆን ይላሉ። ትንፋሹ መጀመሪያ አጭር ሆኖ፣ እየቆየ ይረዝማል፤ እጁ ተጨብጦ የነበረው ይፈታል፤ አንዳንዱም በዚያው እንቅልፍ ይወስደዋል። እንግዲህ ምንጩ ሳይቋረጥ የሚወርደው ዘይት ብቻ አይደለም፤ የአሠሪው ትጋትም አብሮ ሳይቋረጥ ይወርዳል። ከሁለቱ አንዱ የቆመ እንደ ሆነ ሕክምናውም ቆመ ማለት ነው። የዘይቱን ዓይነት ከሩቅ አገር በብዙ ገንዘብ አስመጥቶ ሥራውን ግን በጨዋታና በስልክ መካከል የሚያደርግ ሰው፣ ርካሹን ዘይት ይዞ በትጋት ከሚያደርገው ሰው ያነሰ ይጠቅማል።

ከሕክምናው በኋላ

ጊዜው ሲፈጸም ሕመምተኛውን ወዲያው ማስነሣት ክልክል ነው። ዘይቱ በለስላሳ ጨርቅ ተጠርጎለት ጥቂት ጊዜ ተኝቶ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ይቀመጣል፤ በመጨረሻም ተደግፎ ይነሣል። ረጅም ጊዜ ተኝቶ የነበረ ሰው በድንገት ሲነሣ ራሱን ያዞረዋል፤ እግሩና መሬቱ በዘይት ከለሰለሱ ደግሞ መውደቅ አይቀርም። ለእንቅልፍ ሲሉ አጥንት መስበር ሞኝነት ነው።

በኬራላ ልማድ ከሕክምናው በኋላ «ራስናዲ» የሚባለውን ደረቅ ዱቄት በአናቱ ላይ ያሹለታል፤ ብርድ እንዳያገኘው ነው ይላሉ። ገላውን በማሾ ዱቄት አጥቦ ዘይቱን ያስለቅቃል፤ ለብ ባለ ውሃም ይታጠባል። በዚያ ቀን ከነፋስ፣ ከፀሐይ፣ ከቀዝቃዛ ውሃ፣ ከጩኸትና ከከባድ ሥራ ይጠበቃል። ሕክምናው እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ ሰባት ወይም አሥራ አራት ቀን ይደረጋል፤ ሕክምናው በወሰደው ቀን ቁጥር ልክም ሕመምተኛው ከዚያ በኋላ በምግቡና በኑሮው ተቆጥቦ እንዲቆይ ይታዘዛል። ስለ ዘይቱም በቀድሞው ሥርዐት ለሦስት ቀን አንድ ዘይት፣ ለሚቀጥለው ሦስት ቀን ሌላ አዲስ ዘይት ተይዞ፣ በሰባተኛው ቀን ሁለቱ ተቀላቅለው ያገለግላሉ፤ ከዚያም ይጣላሉ። የአንዱ ሰው ዘይት ለሌላው ሰው አይሰጥም።

የኬራላ ሰዎች ለዚህ ሁሉ የሚመርጡት ወር «ካርኪዳካም» የሚባለው ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 10 ገደማ ጀምሮ እስከ ነሐሴ 10 ገደማ ይውላል። ዝናቡ ከባድ ስለ ሆነ የእርሻ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ አየሩም ይለዝባል። ሰው ከሥራው ተለይቶ በቤቱ ሊያርፍ የሚችልበት ጊዜ ይህ ነው። በዚህም ጥበባቸው ይታያል፤ ሕክምናውን ከዕረፍት ጋራ አጣመሩት እንጂ፣ ሥራውን እንደ ያዘ ለሚሮጥ ሰው ግማሽ ሰዓት ዘይት አፍስሰው አልሰደዱትም።

የዛሬ ዕውቀት ምን ይላል?

የግንባር ቆዳ ስሜቱን ወደ አንጎል የሚያደርሰው አምስተኛው የራስ ነርቭ ነው። በዚህ ቆዳ ላይ ለብ ያለ ነገር በእኩል ሲመላለስ፣ ሰውነትም ጸጥ ብሎ ሲተኛ፣ የልብ ምት ይረጋል፤ ትንፋሽም ይረዝማል። በጃፓን አገር ተመራማሪዎች ዘይቱን በእኩል ሙቀትና በእኩል ፍጥነት የሚያወርድ መሣሪያ ሠርተው በጤነኞች ሴቶች ላይ ፈትነዋል፤ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2008 ባሳተሙትም ጽሑፍ የሴቶቹ ጭንቀት መቀነሱን ገልጸዋል። መሣሪያውን የሠሩት ለምን እንደ ሆነ አንባቢ ያስተውል፤ የሰው እጅ አንዳንድ ጊዜ ስለሚለዋወጥ፣ ምንጩ ሳይለዋወጥ እንዲወርድ ፈልገው ነው። ይኸውም የጥንቶቹ ሰዎች በአራት ጣት ልክና በኮኮነት ቅርፊት ሊያገኙት የደከሙበት ያው እኩልነት ነው።

ነገር ግን እስካሁን የተደረጉት ምርመራዎች በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ስለ ሆኑ፣ ሺሮዳራ እንቅልፍ ማጣትን ያድናል ብሎ በድፍረት መናገር አይገባም። ያሳርፋል፣ ጭንቀትን ያቀልላል ማለት ግን ከእውነት አያርቅም። በዚህም ላይ በግንባር የሚወርድ ዘይት ሌላ፣ በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ሌላ መሆኑን መለየት ያሻል። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2004 በታተመ ምርመራ፣ በአሜሪካ የቦስተን ከተማ አካባቢ ከሱቆች ከተገዙ 70 የሚዋጡ የአዩርቬዳ መድኃኒቶች መካከል በ14ቱ እርሳስ፣ ባዜቃ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። ዘይቱ አሳረፈኝ ብሎ ሻጩ የሰጠውን ዱቄት ሁሉ መዋጥ እንግዲህ ትልቅ ስሕተት ነው።

ለማን አይገባም?

የሚሰጥ ሰው መስጠትን ብቻ ሳይሆን መከልከልንም ማወቅ አለበት። ትኩሳት ያለበት፣ ጉንፋን የያዘው፣ ምግብ ያልተፈጨለት፣ በራሱ ወይም በግንባሩ ላይ ቁስል ያለበት፣ አንገቱን በቅርብ የተጎዳ ሰው ይህን ሕክምና አያድርግ። የደም ግፊቱ ዝቅተኛ የሆነ ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቅረቡ። ሰሊጥ የማይስማማው ሰው እንዳለም አይዘንጋ፤ በዋዜማው በክንድ ላይ ጥቂት ቀብቶ ማየት ብልኀት ነው፤ ሰሊጥ ሲበላ የሚያሳብጠው ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሰው ግን ከነአካቴው ይተወው።

ከዚህም ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። እንቅልፍ ማጣት አንዳንድ ጊዜ የሌላ ሕመም መልእክተኛ ነው። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ የሚያጣ፣ ይህም ሦስት ወር ያህል የቆየበት ሰው፣ ሲያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው፣ ወይም ኑሮ አስጠልቶት ሞትን የሚያስብ ሰው ወደ ሐኪም መሄድ ይገባዋል፤ የመጨረሻው እንዲያውም በዚያው ቀን። መልእክተኛውን በዘይት አስተኝቶ መልእክቱን ሳይሰሙ መቅረት አደጋ ነው።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

የድሮኒ አልጋና የሠለጠነ እጅ በሌለበት ቤት ሺሮዳራን ለማድረግ መድፈር አይገባም። ነገር ግን የቫግባታን አራት ደረጃዎች እናስታውስ፤ ፊተኛውና ቀላሉ ራስን ማሸት ነበረ። ይህን ማንም በቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ማታ፣ የቤቱ ጫጫታ ሲበርድ፣ ጥቂት የሰሊጥ ዘይት በሞቀ ውሃ ውስጥ ባለ ዕቃ አሙቆ፣ በእጅ አንጓ ፈትኖ፣ ግንባርን፣ ጆሮ ግንድንና አናትን በጣት ጫፍ በቀስታ ማሸት አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ይፈልጋል። መብራቱ ይደብዝዝ፤ ስልኩ ከክፍሉ ይውጣ፤ የነገውም ጉዳይ በዚያች ሰዓት አይነሣ።

እኛም በዚህ ነገር ፈጽሞ ባዳ አይደለንም። እናቶቻችን ራስ ምታት ላለበትና ለደከመው ሰው አናቱን ለጋ ቅቤ ቀብተው በሻሽ ያስሩት እንደ ነበረ የማያስታውስ የለም። ቅቤው ከኬራላ ዘይት ይለያል፤ አሠራሩም ሌላ ነው። የሚያመሳስላቸው ግን ተቀቢው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ለሌላ ሰው እጅ አሳልፎ መስጠቱ፣ ቀቢውም ለዚያች ጊዜ ሌላ ሥራ ሁሉ ትቶ በእርሱ ላይ መጠመዱ ነው።

ቀን የሚያዝዝ፣ የሚፈርምና የሚፈርድ ሰው፣ ሲታዘዝለት የሚውል እንጂ ሲታሰብለት የሚውል አይደለም። ማታ ግንባሩን የሚዳብስለት እጅ ሲያገኝ፣ ለጥቂት ደቂቃ ምንም ሊወስን የማይገባው ሰው ይሆናል። ለእንቅልፍ በሩ የሚከፈተው ምናልባት በዚያ በኩል ነው። ስለዚህ በቤትዎ ሌሊቱን ጣራ ጣራውን ሲያይ የሚያድር ሰው ካለ፣ አስቀድሞ ሐኪም ይመልከተው፤ ከዚያ በኋላ ለብ ያለውን ዘይት ያቅርቡለት። ሲያቀርቡለትም እጅዎ አይቸኩል፤ ምንጩም አይቋረጥ።